የ1962ቱ የወባ ቴምብርና የሰብሳቢው ደብተር

የቴምብር አሰባሰብ ለረጅም ዘመን የሥራ ፈት ጊዜ ማሳለፊያ ተደርጎ ሲታይ ኖሯል። ይሁን እንጂ ሰብሳቢው አንድ ርእስ መርጦ፣ ቴምብሩን ከመጀመሪያ ዕለት ፖስታውና ከዘመኑ የጋዜጣ ቁራጭ ጋር ባንድ ደብተር ሲያቀናጅ ተግባሩ ወደ ታሪክ ጸሐፊው ተግባር ይጠጋል። ወባን ርእሱ ያደረገ ስብስብ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ በዚህ ርእስ ቴምብሩና ጋዜጣው የሚናገሩት አንድ አይደለምና።

የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1955 በሜክሲኮ ከተማ ተሰብስቦ ወባን ከምድር ገጽ ለማጥፋት ወሰነ። ዋናው መሣሪያ በቤት ግድግዳ ላይ የሚረጨው ዲ.ዲ.ቲ. ነበር። ከ3 ዓመት በኋላ፣ በ1958፣ ወባ በኢትዮጵያ ከለመደችው ቆላ ወጥታ ወይና ደጋውን ወረረች። በሽታውን ያልተላመደው የከፍተኛው ቦታ ሕዝብ ክፉኛ ተጠቃ፤ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመና 150,000 ያህል እንደሞተ ተገምቷል። በማግሥቱ ዓመት የወባ ማጥፊያ አገልግሎት ተቋቋመ። ከሰሐራ በታች ያሉት አብዛኞቹ አገሮች ከዓለም አቀፉ ዘመቻ ውጭ ሲቀሩ፣ ኢትዮጵያ ከገቡት ጥቂቶች አንዷ ሆነች።

ኤፕሪል 7 ቀን 1962 የዓለም ጤና ቀን በተከበረበት ሰሞን «ዓለም በወባ ላይ ተባብሯል» በሚል መፈክር ከ100 የሚበልጡ አገሮች ቴምብር አወጡ፤ ኢትዮጵያም አወጣች። የመጀመሪያ ዕለት ፖስታ የሚባለው አዲስ ቴምብር በወጣበት ቀን ተለጥፎ በዚያው ቀን ማኅተም የተመታበት ነው። ብዙውን ጊዜ ከመስኮቱ ወደ ሰብሳቢው እጅ ይመለሳል እንጂ መንገድ አይሄድም። ስለዚህ የሚመሰክረው መንግሥታት በዚያ ዕለት ስላሰቡት ነው፤ ስለ ተፈጸመው አይደለም። የዘመኑ ፖስታ በተስፋ የተሞላ ነው። የተፈጸመውን ለማወቅ ቁራጩን ማንበብ ያሻል።

እዚህ ላይ አንድ የሙያ ጉዳይ አለ። የጋዜጣ ወረቀት ከእንጨት የሚሠራና አሲድ ያለበት በመሆኑ በዓመታት ውስጥ ይወይባል፤ የነካውንም ሁሉ ያጎድፋል። እውነቱን የሚናገረው ወረቀት ጎረቤቱን ያበላሻል ማለት ነው። በመሆኑም ቁራጩ ለብቻው ገጽ፣ በመሐል ንጹሕ ወረቀት ገብቶበት ይቀመጣል። ፖስታው ሙጫ አይነካውም፤ በማዕዘን መያዣ ይታሰራል። ቴምብሩን በውኃ ነክሮ ከፖስታው ማላቀቅማ ማኅተሙንና ቀኑን ማጥፋት ነው። ኅዳጉ ላይ የጋዜጣው ስምና ቀን ካልተጻፈ ቁራጩ ዋጋ የለውም። የኢትዮጵያ ጋዜጣ መጋቢት 29 ቀን 1954 ዓ.ም. የሚለውና የውጭው ማኅተም ኤፕሪል 7 የሚለው አንድ ቀን መሆኑም ከጎኑ ካልተመለከተ፣ ኋላ የሚመጣው አንባቢ ይሳሳታል።

የደብተሩ ከባድ ገጽ የ1969 ነው። ትንኟ ዲ.ዲ.ቲ.ን፣ ተሕዋሲው መድኃኒቱን ተለማምደው፣ ገንዘቡም አንሶ፣ የዓለም ጤና ጉባኤ በቦስተን ስልቱን እንደገና መረመረ፤ ማጥፋት በማይቻልበት ስፍራ መቆጣጠር እንዲቀጥል ወሰነ። እንዲህ ላለው ውሳኔ ቴምብር የሚያሳትም ፖስታ ቤት ማግኘት ያስቸግራል። ብዙ ሰብሳቢዎች ይህን ገጽ ይዘሉታል፤ ደብተራቸው ያማረ፣ ታሪካቸው ግን የጎደለ ይሆናል።

በ2016 በከተማ የውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ የምትራባው፣ ከእስያ የመጣችው አኖፌሊስ ስቴፈንሲ በቀብሪደሃር ተገኘች፤ በ2022 በድሬዳዋ ወረርሽኝ ተነሣ። ይህ ገጽ የሚጀምረው በጋዜጣ ቁራጭ ነው።