በወንጀል ጉዳይ ይግባኝ የሚቀርበው መቼ ነው?

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20(6) ለተከሰሱ ሰዎች ሥልጣን ላለው ፍርድ ቤት ይግባኝ የማለት መብት አረጋግጧል። መብቱ የሚሠራበትን ጊዜና ሥርዓት የሚደነግገው ደግሞ በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው።

በክርክር መካከል የሚሰጡ ትእዛዞች

በሕጉ አንቀጽ 184 መሠረት፣ ቀጠሮ በመስጠት ወይም በመከልከል፣ በክስ መቃወሚያ ላይ እንዲሁም ማስረጃን በመቀበል ወይም ባለመቀበል በሚሰጥ ትእዛዝ ላይ ወዲያውኑ ይግባኝ ማለት አይቻልም። ክርክሩ በየትእዛዙ ቢቋረጥ ጉዳዩ ይጓተታል፤ በማረፊያ ቤት ያለ ተከሳሽም ያለ ፍርድ የሚቆይበት ጊዜ ይረዝማል። ይሁን እንጂ መብቱ አይቀርም፤ ትእዛዙ በዋናው ፍርድ ላይ ለሚቀርበው ይግባኝ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ስለሆነም ተከሳሹ ወይም ጠበቃው ተቃውሞው በመዝገብ መስፈሩን ማረጋገጥ ይኖርበታል።

ተከሳሹ እንዲከላከል የሚሰጥ ብይንም የጥፋተኝነት ፍርድ አይደለም።

የዋስትና ጉዳይ

ዋስትና የተከለከለ ሰው የመጨረሻውን ፍርድ መጠበቅ አይገደድም። በአንቀጽ 75 መሠረት በ20 ቀናት ውስጥ ለይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በጽሑፍ ማመልከት ይችላል።

ከፍርድ በኋላ

በአንቀጽ 185 መሠረት የተፈረደበት ሰው በጥፋተኝነቱና በቅጣቱ ላይ ይግባኝ ማለት ይችላል። ጥፋቱን አምኖ የተፈረደበት ሰው ግን ይግባኝ የሚለው በቅጣቱ መጠን ወይም ሕጋዊነት ላይ ብቻ ነው። ዐቃቤ ሕግም ተከሳሹ በነጻ ሲለቀቅ ወይም ቅጣቱ አነስተኛ ነው ሲል ይግባኝ ሊጠይቅ ይችላል።

የጊዜ ገደብ

በአንቀጽ 187 መሠረት የይግባኝ ማስታወቂያ ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀናት ውስጥ ይቀርባል። ዝርዝር ምክንያቱን የያዘው የይግባኝ ማመልከቻ ደግሞ የፍርዱ ግልባጭ ከደረሰ በኋላ በ30 ቀናት ውስጥ መግባት አለበት። ግልባጩ የተወሰደበትን ቀን የሚያሳይ ማስረጃ መያዝ ይጠቅማል።

ጊዜው ያለፈበት ሰው የዘገየበትን ምክንያት በጽሑፍ ገልጾ ፈቃድ መጠየቅ ይችላል፤ ፈቃዱ የሚሰጠው ግን መዘግየቱ በይግባኝ ባዩ ወይም በጠበቃው ጥፋት ያልደረሰ ሲሆን ነው።