የሄዱትና የቀሩት፦ ዜና መዋዕል ዘቦሌ

በአምላክ ስም እንጀምራለን። ይህ ዜና ከሮም እስከ ፓሪስ በኦሎምፒክ አደባባይ ስለ ኢትዮጵያ የሮጡትን፣ ሊሮጡ ተዘጋጅተው የቀሩትን፣ በቦሌ በር ሸኝቶ በቦሌ በር የተቀበላቸውንም ሕዝብ ነገር ይናገራል። ዘመቻ የሚጽፍ ሰው ድል የነሣውን ብቻ ጽፎ ከኋላ የቀረውን ቢተው ዜናው ጎዶሎ ይሆናል። ስለዚህ የሁለቱንም ነገር በየዘመኑ እንጽፋለን።

በ1949 ዓመተ ምሕረት፣ በኅዳር ወር፣ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኦሎምፒክ ወጣች፤ ስፍራውም ሜልቦርን ነበር። በዚያ ጊዜ ሜዳሊያ አልተገኘም። ነገር ግን ከሯጮቹ መካከል ማሞ ወልዴ የሚባል የክብር ዘበኛ ወታደር ነበረ፤ የእርሱ ቀን ገና ነበር።

በ1952 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ጳጉሜን 5 ቀን፣ ዓመቱ ሊለወጥ አንዲት ሌሊት ሲቀረው፣ አበበ ቢቂላ በሮም ጎዳና በባዶ እግሩ ሮጠ። ያሠለጠነው ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ነበር። ፋሽስት ከአክሱም ነቅሎ የወሰደው ሐውልት በዚያን ዘመን በሮም ቆሞ ነበርና አበበ በአጠገቡ ሲያልፍ ፍጥነቱን ጨመረ፤ ሞሮኳዊውን ራዲን ወደ ኋላ ትቶት ሄደ። በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር በችቦ ብርሃን መካከል ሲገባ ሰዓቱ 2፡15፡16 ነበር። በአገር ቤትም ያ ምሽት የእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ ችቦ የሚበራበት ምሽት ነበር። በዚያው ሩጫ አበበ ዋቅጅራ የሚባል ሌላ ኢትዮጵያዊ 7ኛ ሆኖ ገባ። የፊተኛውን አበበ ዓለም ሁሉ ያውቀዋል፤ የሁለተኛውን ስም ግን ከብዙ ሺህ ሰው አንዱ እንኳ አያነሣውም። ይህ ዜና ግን ሁለቱን ጎን ለጎን ይጽፋቸዋል፤ ያን ሌሊት ያን ርቀት ሁለቱም ስለ አንድ ባንዲራ ሮጠውታልና።

በዚያን ጊዜ አውሮፕላን የሚያርፈው በልደታ ነበር። የጄት ዘመን በመጣ ጊዜ ግን የልደታው ማኮብኮቢያ አጠረ። ስለዚህ ከከተማው ወጣ ብሎ በቦሌ ሜዳ ረጅም ማኮብኮቢያ ተሠራ፤ በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዎቹን ቦይንግ 720 ጄቶች ተቀበለ። ከዚያ ወዲህ ቦሌ የአገሪቱ መውጫና መግቢያ ሆነች፤ ሯጭም በእርሷ ይወጣል፣ በእርሷ ይገባል።

በ1957 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ ጥቅምት 11 ቀን፣ አበበ በቶክዮ ዳግመኛ አሸነፈ። ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ገና ስድስት ሳምንት አልሞላውም ነበር። 2፡12፡11 ሮጦ ከገባ በኋላ ሌሎቹ እስኪመጡ በሣሩ ላይ ጋደም ብሎ እግሩን እያፍታታ ጂምናስቲክ ሠራ፤ ተመልካቹም ተደነቀ። የኦሎምፒክ ማራቶንን በተከታታይ ሁለት ጊዜ ያሸነፈ ሰው ከእርሱ በፊት አልነበረም።

በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ አበበ እግሩን ታሞ ነበርና 17 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ አቋረጠ። ያን ጊዜ ከሜልቦርን ጀምሮ ተራውን ሲጠብቅ የኖረው ማሞ ወልዴ አደራውን ተቀበለ። አስቀድሞ ጥቅምት 3 ቀን በ10 ሺህ ሜትር ብር አግኝቶ ነበር፤ ጥቅምት 10 ቀን ማራቶኑን አሸነፈ። ከአራት ዓመት በኋላም በሙኒክ፣ 40 ዓመት በሆነው ጊዜ፣ የማራቶን ነሐስ አከለበት። አበበ ግን በዚያው በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆኑ፤ ቢሆንም በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በቀስት ውድድር ይሳተፍ ነበር። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. ዐረፈ።

ከዚህ በኋላ የቀሩት ሰዎች ዘመን መጣ። በ1968 ዓ.ም. የኒው ዚላንድ የራግቢ ቡድን ወደ ዘረኛይቱ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ተጫውቶ ነበርና፣ ኒው ዚላንድ ሳትባረር ቀረች ብለው ከ20 የሚበልጡ አገሮች የሞንትሪያልን ኦሎምፒክ ተዉ። ኢትዮጵያም ከእነርሱ ጋር ሆነች። በሙኒክ በ10 ሺህ ነሐስ ያገኘው፣ የ5 ሺህ ማጣሪያው ያመለጠው ምሩጽ ይፍጠር ያን ቁጭት ሊወጣ አራት ዓመት ጠብቆ ነበር፤ ሌላ አራት ዓመት ተጨመረበት። በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ ግን፣ አሠልጣኝ ንጉሤ ሮባ ቡድኑን እየመሩ፣ ሐምሌ 20 ቀን 10 ሺህን፣ ሐምሌ 25 ቀን 5 ሺህን አሸነፈ። በመጨረሻው ዙር ድንገት ተፈትልኮ የሚወጣ ስለነበር ሕዝቡ «ማርሽ ቀያሪው» አለው። በ10 ሺህ ሜትሩ መሐመድ ከድር 3ኛ፣ ቶሎሳ ቆቱ 4ኛ ሆኑ፤ ሦስቱ ተጋግዘው ነበርና ያ ወርቅ የሦስቱም ድካም ነበረበት። እሸቱ ቱራም በ3 ሺህ ሜትር መሰናክል ነሐስ አገኘ።

የሎስ አንጀለሱና የሴኡሉም ኦሎምፒክ ያለ ኢትዮጵያ አለፉ። በዚህ ስፍራ ሊጻፍ የሚገባው የበላይነህ ዴንሳሞ ነገር ነው። ሚያዝያ 9 ቀን 1980 ዓ.ም. በሮተርዳም ማራቶንን በ2፡06፡50 ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ያዘ፤ ያ ሰዓት አሥር ዓመት ሳይሰበር ቆየ። ከአምስት ወር በኋላ ሴኡል ስትከፈት ግን የዓለም ፈጣኑ ማራቶን ሯጭ በቦሌ በር አልወጣም። የሴኡልን ማራቶን ጣሊያናዊው ጄሊንዶ ቦርዲን በ2፡10፡32 አሸነፈ። በላይነህና የዘመን ጓደኞቹ በልምምድ ያፈሰሱት ላብ ከአበበ ላብ አያንስም ነበር። የአገር ውሳኔ አስቀራቸው እንጂ እግራቸው አልሰነፈም። ሽልማት ላይ ያልተቆጠሩትን ሰዎች ታሪክ ሊቆጥራቸው ይገባል።

በ1984 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ነሐሴ 1 ቀን፣ የፍልሰታ ጾም በገባበት ዕለት፣ የአርሲ በቆጂዋ ደራርቱ ቱሉ በባርሴሎና 10 ሺህ ሜትርን አሸነፈች። ከእርሷ በፊት ወርቅ ያገኘች ጥቁር አፍሪካዊት ሴት አልነበረችም። ከኋላዋ ሁለተኛ የገባችው ኤላና ማየር የምትባል ነጭ ደቡብ አፍሪካዊት ነበረች፤ አገሯም ከሮም ኦሎምፒክ ወዲህ ታግዳ ኖራ በዚያ ዓመት ነበር የተመለሰችው። ደራርቱ መስመሩን ካለፈች በኋላ ቆማ ጠበቀቻት፤ ተቃቀፉ፤ እጅ ለእጅ ተያይዘውም ሜዳውን ዞሩ። ያዩት አለቀሱ። አገር በሞንትሪያል ስለ ፍትሕ ብላ የተወችው ነገር በ16ኛው ዓመት በባርሴሎና ፍሬውን ያሳየ ይመስላል። በሞንትሪያል የቀሩት ሯጮችም በዚያ ዙር ድርሻ አላቸው።

ከዚያ ወዲህ የአሠልጣኝ ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ ልጆች ዘመን ሆነ። በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ፣ ሐምሌ 21 ቀን ፋጡማ ሮባ ማራቶኑን በ2፡26፡05 አሸነፈች፤ በማግስቱም ኃይሌ ገብረሥላሴ በ10 ሺህ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን ቀደመ። በ1993 ዓ.ም. በሲድኒ፣ መስከረም 15 ቀን፣ ሁለቱ ዳግመኛ ተገናኙ፤ ትከሻ ለትከሻ ተናንቀው ኃይሌ በ9 መቶኛ ሰከንድ ቀደመ። መስከረም 20 ቀን ደራርቱ ከወለደች በኋላ ዘውዷን መለሰች፤ ሚሊዮን ወልዴም 5 ሺህን አሸነፈ። በማግስቱ፣ በግሸን ማርያም ዕለት፣ ገዛኸኝ አበራ ማራቶኑን ከአበበና ከማሞ በኋላ ወደ አገሩ መለሰ። ወርቁ 4፣ ሜዳሊያው በጠቅላላ 8 ሆነ።

የአቀባበሉም ነገር እንዲህ ነው። ክፍት መኪናው ከአውሮፕላን ማረፊያው ወጥቶ በወሎ ሰፈር፣ በኦሎምፒያ፣ በፍላሚንጎ በኩል ወደ መስቀል አደባባይ ይወርዳል። ሕዝቡ ከጠዋት ጀምሮ ጥላ ይዞ ይቆማል፤ እናቶች እልል ይላሉ፤ ሕፃናት በአባቶቻቸው ትከሻ ላይ ባንዲራ ያውለበልባሉ። ታክሲዎች ጥሩምባ ይነፋሉ፤ ልጆች ከመኪናው እኩል እስኪደክማቸው ይሮጣሉ። ከእነዚያ ልጆች መካከል ኋላ ራሳቸው በዚያ መኪና ላይ የሚቆሙ እንደሚኖሩ ማን ያውቃል? ከመገናኛ በ22 ማዞሪያ ወደ ኡራኤል የሚወስደው መንገድም በኃይሌ ስም ተጠራ።

በ1996 ዓ.ም. በአቴንስ ቀነኒሳ በቀለና መሠረት ደፋር ተነሡ። በ2000 ዓ.ም. በቤጂንግ ጥሩነሽ ዲባባ 10 ሺህንና 5 ሺህን አጣምራ ወሰደች፤ ሁለተኛውን ያገኘችው ነሐሴ 16 ቀን፣ ፍልሰታ በሚፈታበት ዕለት ነበር። በማግስቱ ቀነኒሳም ሁለቱን ርቀቶች አጣምሮ ጨረሰ። ነሐሴ 4 ቀን 2004 ዓ.ም. መሠረት በለንደን 5 ሺህን ባሸነፈች ጊዜ ከደረቷ የእመቤታችንን ሥዕል አውጥታ እያለቀሰች ፊቷ ላይ አደረገችው። በ2008 ዓ.ም. በሪዮ አልማዝ አያና 10 ሺህን በ29፡17.45 ሮጣ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረች። በ2013 ዓ.ም. ተመልካች ባልገባበት የቶክዮ ስታዲየም ሰለሞን ባረጋ ወርቅ አገኘ።

በ2016 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ነሐሴ 4 ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ በፓሪስ የሆነውን በገርጂ ቡና ቤት ቆመን አየነው። ፍልሰታ ነበርና ጿሚዎቹ ምንም ሳይቀምሱ ቴሌቪዥኑ ሥር ተሰብስበው ነበር። ታምራት ቶላ በዳገቱ ላይ ብቻውን በወጣ ጊዜ የቤቱ ጫጫታ ጸጥ አለ፤ ቡና የምታፈላው ልጅ ጀበናው ገንፍሎ ከሰሉን ሲያጠፋው አላየችም። 5 ሰዓት አልፎ ጥቂት ደቂቃ ሲሆን ታምራት በ2፡06፡26፣ በኦሎምፒክ ክብረ ወሰን ገባ። አንዲት አሮጊት መሬቱን ስመው ተነሡ።

ታምራት ተጠባባቂ ነበር። ቦታው በዚያው ዓመት የቦስተን ማራቶንን ያሸነፈው የሲሳይ ለማ ነበር፤ ሲሳይ ስለተጎዳ ለወንድሙ ለቀቀለት። የአቴንሱ ቀነኒሳም ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ42 ዓመቱ፣ በዚያው ማራቶን 39ኛ ሆኖ ጨረሰ። በማግስቱ በሴቶች ማራቶን ትዕግሥት አሰፋ በ3 ሰከንድ ተቀድማ የብር ሜዳሊያ ወሰደች። የፓሪስን ዜና የሚጽፍ ሁሉ ታምራትን ጽፎ ሲሳይን ቢረሳ፣ የወርቁን ግማሽ ሳይጽፍ ቀረ ማለት ነው።

ዛሬም ጎህ ሳይቀድ በሲኤምሲና በአያት በኩል የአትሌቶች ሰርቪስ ወደ ሰንዳፋ ይወጣል። ከተሳፋሪዎቹ መካከል ጥቂቶቹ ብቻ የአገር ማሊያ ይለብሳሉ፤ ከእነዚያም ጥቂቶቹ ብቻ ሜዳሊያ ያጠልቃሉ። ሌሎቹ ግን ሩጫውን ያፈጠኑ፣ ጓደኛቸውን ያበረቱ፣ ተራቸውን የጠበቁ ናቸው። ያለ ሜዳሊያ የሚመለሰውን ልጅ ዛሬ በቦሌ የሚጠብቀው ቤተሰቡ ብቻ ነው፤ ሻንጣውን ይዞ ታክሲ ፈልጎ ይሄዳል። ይህ ሊቀር ይገባል። አበበ ዋቅጅራ ሮጦ 7ኛ የወጣላት አገር 7ኛውንም በእልልታ መቀበል ታውቅበታለች።

ስለዚህ ከእኛ በኋላ የምትጽፉ ሆይ፣ ዳግመኛ የሚመጣውን የሎስ አንጀለስን ኦሎምፒክና ከእርሱም በኋላ የሚመጡትን ስትጽፉ፣ የአሸናፊውን ስም ከጻፋችሁ በኋላ ብዕራችሁን አታስቀምጡ፤ 4ኛ የወጣውን፣ ያቋረጠውን፣ በአገሩ የቀረውንም ጻፉ። እናንተ የቦሌና የምሥራቅ አዲስ አበባ ሰዎችም ለወርቁ እንደምትወጡ ለእነርሱም ውጡ። እግዚአብሔር ሯጮቻችንን በሰላም ወስዶ በሰላም ይመልስ። አሜን። የቦሌ በር ዜና እዚህ ላይ ተፈጸመ።