ሙዚየም የማን ነው? ከሐይቅ እስጢፋኖስ እስከ ደሴ

ሰሞኑን የመቅደላን ታሪክ ሳስተምር አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ እንግሊዞች ባይወስዱት ኖሮ እኛ ጋ ይጠፋ አልነበር?» አለኝ። ግማሹ ክፍል ሳቀ፣ ግማሹ ተቆጣ። መልሱን ሳልጨርስ ተደወለ። ጥያቄው ግን የሚናቅ አይደለም። የለንደን ሙዚየሞችም «መልሱልን» ሲባሉ የሚያቀርቡት ምክንያት ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ በደንብ እንጠብቀዋለን፣ ለዓለም ሕዝብ እናሳየዋለን፣ ተመራማሪ እንዲያጠናው እናደርጋለን ነው ነገሩ። እውነትም የሙዚየም ሥራ እነዚህ ሦስቱ ናቸው፤ መጠበቅ፣ ማሳየት፣ ማስተማር። እንግዲያው በራሳቸው ሚዛን እንመዝናቸው፤ እኛንም ጨምረን።

ከቅርባችን እንነሳ። ከመርሳ ወደ ደሴ የሚሄድ ሰው ውርጌሳንና ውጫሌን አልፎ ሐይቅ ከተማ ይደርሳል። እዚያ ደብረ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ውስጥ አባ ኢየሱስ ሞዐ ያስጻፉት ወንጌል አለ። ዘመኑ ከእነ ጽሑፉ ይታወቃል፤ እ.ኤ.አ. 1280/81 ነው። ከ740 ዓመት በላይ ሆነው ማለት ነው። በውስጡ የራሳቸው የኢየሱስ ሞዐ ሥዕል ይገኛል። ከዚያ ዘመን የአንድን ኢትዮጵያዊ መነኩሴ መልክ ከእነ ስሙ ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም።

እኔን ከሥዕሉ በላይ የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር እዚያው ወንጌል ላይ ተመዝግቧል። ዛሬ የትኛውም ሙዚየም ሥራውን የሚጀምረው በመዝገብ ነው፤ ምን አለኝ፣ ስንት ነው፣ ከማን መጣ። ይህን የሐይቅ መነኮሳት በ13ኛው መቶ ዘመን ያውቁት ነበር። የገዳሙ አለቃም «ዐቃቤ ሰዓት» የሚል ማዕረግ ነበራቸው፤ በቤተ መንግሥት ሳይቀር የሚከበር። በየቤተ ክርስቲያኑም ንብረት የሚጠብቅ «ዐቃቤ ነዋይ» አለ። ሙዚየም የሚለው ቃል የባዕድ ይሁን እንጂ ጠባቂነቱ ከኛው ሹመት ውስጥ ያለ ነው።

ብራና ደግሞ ጠንካራ ይመስላል እንጂ ብዙ ጠላት አለው። እርጥበት ያጨማድደዋል፣ አይጥ ይበላዋል፣ የጧፍ ጠብታ ያበላሸዋል፣ ብርሃን ቀለሙን ያደበዝዘዋል። አባቶች ገጹን በእንጨት ገበታ ጠርዘው፣ በቆዳ ማኅደር ከተው፣ ግድግዳ ላይ ሰቅለው ነው ያቆዩት። ዘመናዊ ሙዚየምም የሚያደርገው ያንኑ በመሣሪያ ነው። ብራና ለእይታ ሲቀርብ መብራቱ 50 ሉክስ አካባቢ እንዲሆን ይመከራል፤ ይህ በጣም ደብዛዛ ብርሃን ነው። ሙዚየም ገብቶ «ምነው ጨለመ?» የሚል ጎብኚ ካለ ምክንያቱ ይኸው ነው። የተገለጠውንም ገጽ በየጊዜው ይለዋውጡታል፤ አንዱ ገጽ ብቻ ብርሃን እንዳይመታው።

ስለዚህ በመጠበቁ የሐይቅ መነኮሳት ፈተናውን አልፈዋል። የ16ኛው መቶ ዘመን ጦርነት ደሴቱ ድረስ ደርሶ እንኳ (ያኔ ዙሪያውን ውኃ ነበር) ወንጌሉ እዚሁ አለ። በማሳየቱ ግን ችግር አለ። ወደ ገዳሙ ሴቶች አይገቡም። ሥርዓቱን ለመንቀፍ አይደለም፤ ገዳም ነውና የራሱ ሕግ አለው። ግን ተማሪዎቼን ይዤ ብሄድ ግማሾቹ ደጅ ሊቀሩ ነው። ታዲያ ለነሱ ምን ይደረግ?

መልሱ በከፊል ከ50 ዓመት በፊት ተሠርቷል። ከ1965 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የኢትዮጵያ ብራናዎችን በማይክሮፊልም የሚያነሳ ፕሮጀክት ነበር። አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ፣ ሌላው አሜሪካ ሚኒሶታ በሚገኝ ገዳም ይቀመጥ ነበር። የሐይቁ ወንጌልም ተነስቶ ቁጥር 1832 ተሰጥቶታል። ያንን ሁሺ ፊልም እያነበቡ ካታሎግ ካዘጋጁት ሊቃውንት ግንባር ቀደሙ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው፤ በ1968 ዓ.ም. በጥይት ተመተው እግራቸው ሽባ ከሆነ በኋላ፣ ቀሪ ዕድሜያቸውን በስደት ተቀምጠው። ብራናው ከቦታው ሳይነቃነቅ ዓለም አጠናው። ማለትም ለማጥናት መውሰድ ግድ አይደለም።

አሁን ወደ መቅደላ። ዓፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ብለው ከጎንደርና ከሌላም ቦታ ብዙ መጽሐፍ ሰብስበው ነበር። (አሰባሰቡም ያለ ዝርፊያ አልነበረም፤ ታሪክ አስተማሪ ይህን መደበቅ የለበትም።) ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እሳቸው ራሳቸውን ሲያጠፉ የእንግሊዝ ወታደር ገብቶ ዘረፈ። የብሪቲሽ ሙዚየሙ ሰው ሪቻርድ ሆልምስ ከጦሩ ጋር አብሮ መጥቶ ስለነበር የወርቅ ዘውድና ጽዋ ከአንድ ወታደር እጅ በ4 ፓውንድ ገዛ። ዕቃው በ15 ዝሆንና በ200 ገደማ በቅሎ ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ወጣ፤ እዚያ ሁለት ቀን ሙሉ ጨረታ ተካሄደ። ደላንታ እኮ ሩቅ አገር አይደለም፤ ጎረቤታችን ነው። 350 ያህል ብራና ብሪቲሽ ሙዚየም ገባ፣ ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛል።

ልጁ «ይጠፋ አልነበር?» ላለው፣ ጄኔራል ናፒየር ከመሄዱ በፊት መቅደላን አቃጥሏል፤ መድኃኔ ዓለምም አብሮ ነዷል። መጽሐፉ የሚጠበቅበትን ቤት ያቃጠለ ሰው «እኔ ባልወስደው ይጠፋ ነበር» ሊል አይችልም።

ፍርዱ ግን ሚዛናዊ ይሁን። እንግሊዞች የወሰዱትን ብራና በደንብ ይዘውታል። ዊልያም ራይት የሚባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1877 ካታሎጉን አሳትሟል። በ2010 ዓ.ም. ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ዘውዱንና ጽዋውን ጨምሮ የመቅደላን ዕቃዎች ለእይታ አቅርቧል፤ ዳይሬክተሩ ያኔ «በረጅም ጊዜ ውሰት ልንልክ እንችላለን» የሚል ሐሳብ አንስተው ነበር። የተወሰደብህን ዕቃ በውሰት መቀበል እንዴት እንደሚመር ወሎዬ ሁሉ ይገባዋል። ደግሞ መመለስ እንደሚቻል አይተናል፤ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. የዓፄ ቴዎድሮስ ጸጉር ከለንደን ተመልሷል። የኛው የላሊበላ መስቀል አፍሮ አይገባም በ1989 ዓ.ም. ተሰርቆ ቤልጂየም ድረስ ሄዶ በኋላ ቤቱ ገብቷል። ዛሬም ካህኑ በሽተኛ ይዳብሱበታል። ይህን አገልግሎት የትኛው የመስታወት ሣጥን ይሰጣል?

ሚዛኑ ጭራሽ የሚወድቀው ታቦታቱ ላይ ነው። ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ 11 ታቦታት አሉ። ለሕዝብ አይታዩም፤ ተመራማሪም አያጠናቸውም፤ የሙዚየሙ ሠራተኞች እንኳ አያዩአቸውም። ለሃይማኖቱ ክብር ሲባል ነው፣ ይህን አደንቃለሁ። ግን የማይታይ፣ የማይጠና፣ የማይተረክ ነገር ሙዚየም ውስጥ ምን ይሠራል? ከሦስቱ ሥራዎች ሁለቱ ከሌሉ የቀረው መጋዘን ነው።

ወደ ራሳችን ስመለስ አፌ ይያዛል። አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ጥሩ ምሳሌ ነው። የተቋሙ ወዳጆች ማኅበር ከአገር ሊወጡ የነበሩ ሥዕሎችን በገንዘብ እየገዛ አስቀርቷል፤ ዛሬ ተማሪ ፎቅ ላይ ወጥቶ ያያቸዋል። ግን ከወልድያ አዲስ አበባ ስንት ሰዓት ነው? ለኛ ልጆች የሚቀርበው የደሴው ሙዚየም ነበር። በ2014 ዓ.ም. ከተማዋ በጦርነቱ በተያዘችባቸው ሳምንታት ተዘረፈ፣ የቀረውም ተሰባበረ። ስለ መቅደላ 150 ዓመት ስንጮህ ስለ ደሴው ግን አንድ ሰሞን አውርተን ዝም አልን።

ሌላም አለ። ቅርስ ሲባል የቤተ ክርስቲያን ብቻ የሚመስለው ብዙ ነው። ወሎ ውስጥ እንደ ዳናና ጀማ ንጉሥ ባሉ ቦታዎች ሼሆች በእጃቸው የጻፉት ኪታብ አለ፤ በዐረብኛ ፊደል አማርኛ የተጻፈበት ዐጀም አለ፤ መንዙማው በዚያ ተላልፎ ነው የመጣው። ስድስት ኪሎ የዚህ ዓይነት ስብስብ አለ፤ በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ያለው ግን ብዙው አልተመዘገበም። የቅርስ አዋጁ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በእጁ ያለ ሰው እንዲያስመዘግብና እንዲጠብቅ ያዛል። ማስመዝገብ ማለት መነጠቅ አይደለም። አያትህ የተዉልህ ኪታብ ቢሰረቅ «የኔ ነው» የምትልበት ወረቀት ነው።

አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ከ2013 ዓ.ም. በፊት በትምህርት ቤት ጉብኝት ደሴ ሙዚየም የሄዳችሁ፣ በስልክ የተነሳችሁት ፎቶ ካለ ፈልጉት። እናንተን አይደለም የምፈልገው፣ ከጀርባችሁ የቆመውን ዕቃ ነው። ፎቶውን ከተነሳበት ዓመት ጋር በውስጥ መስመር ላኩልኝ። ሰብስቤ ለሚመለከተው የባህልና ቱሪዝም ቢሮ አደርሳለሁ። ሽማግሌዎችም ቤት አሮጌ የወረቀት ፎቶ አይጠፋም፤ ለበዓል ስትሄዱ አልበሙን ግለጡት።