መስመሩን ማን አሰመረው?

የልጅ ክብደትና ቁመት ኮምፒዩተር ላይ ካስገባሁ በኋላ የሚቀረው ሥራ የማሽኑ ነው። ክብደቱን ከቁመቱ ጋር የሚያዛምደውን ቢኤምአይ ያሰላል፣ ለእድሜው ከተሠራው ሰንጠረዥ ጋር ያስተያያል፣ ልጁ ከ95ኛው ፐርሰንታይል (በሰንጠረዡ ከመቶ ልጆች 95ቱን ከሚበልጥበት ልክ) በላይ ከሆነ ደግሞ ዶክተሯ ወደ ክፍሉ ሳትገባ ማስታወሻ ያዘጋጅላታል። ስለ ለስላሳ መጠጥ ጠይቂ፣ የደም ምርመራ አስቢ፣ ቀጠሮውን አቅርቢ ይላታል። እዚህ ሜሪላንድ በሕፃናት ክሊኒክ ለሚሠሩ ወጣት ነርሶች ይህ ተራ ነገር ነው። እኔ ሙያውን የጀመርኩት ወሎ ውስጥ፣ ጤና ጣቢያ፣ እናቶችና ሕፃናት ክፍል ነው። እዚያ የምንፈራው በእድገት ካርዱ ላይ የልጁ መስመር ሲወርድ ነበር፤ እዚህ ሲወጣ እንፈራለን። መስመሩን ራሱን ማን እንዳሰመረው ለማወቅ የቆፈርኩትም ለዚህ ነው። (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

የልጅን እድገት በተከታታይ በመለካት ስማቸው ቀድሞ የሚነሳው ሞንቤያር የተባሉ ፈረንሳዊ ባላባት ናቸው። ከ1759 እስከ 1777 ድረስ የገዛ ልጃቸውን ቁመት በየስድስት ወሩ ገደማ ለኩ፤ ወዳጃቸው የተፈጥሮ ተመራማሪው ቡፎንም መዝገቡን በተፈጥሮ ታሪክ መጽሐፉ አሳተመላቸው። ክብደትን ለቁመት ካሬ የማካፈሉን ስሌት በ1830ዎቹ ያመጣው ደግሞ ቤልጂጋዊው አዶልፍ ኬትሌ ነው። ሰውዬው የሥነ ፈለክና የስታቲስቲክስ ሊቅ እንጂ ሐኪም አልነበረም። የፈለገው የ"አማካይ ሰው"ን ልክ እንጂ የአንድን ሕፃን ጤና አልነበረም። ስሌቱ "ቦዲ ማስ ኢንዴክስ" (ቢኤምአይ) የሚለውን ስም ያገኘው በ1972 አሜሪካዊው አንሰል ኪስና ባልደረቦቹ ከ7,400 በላይ ጤነኛ ወንዶችን መርምረው ባወጡት ጽሑፍ ነው። በአዋቂ ወንዶች የተፈተነ ስሌት ዛሬ የአራት ዓመት ሴት ልጅ ስም ፊት ተቀምጦ ሳየው ፈገግ እላለሁ።

እኔ የማውቀው ካርድ ግን የመጣው በሌላ መንገድ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ዴቪድ ሞርሊ የተባለ እንግሊዛዊ የሕፃናት ሐኪም በምዕራብ ናይጄሪያ፣ በኢሌሻ አካባቢ ባለች ኢመሲ ኢሌ በምትባል መንደር ይሠራ ነበር። ሕፃናት በኩፍኝና በተቅማጥ ሲሞቱ ያያል፤ ከሞቱ በፊት ግን ለወራት ክብደት መጨመር አቁመው እንደነበር ይገነዘባል። ስለዚህ ወሮቹ በአግድም፣ ኪሎው በቁም የተጻፈበት፣ ሁለት ጎባጣ መስመሮች ያሉበት ካርድ ሠራ። ነርሷ በየወሩ አንዲት ነጥብ ታኖራለች፤ ነጥቦቹ ሲያያዙ የልጁ መንገድ ይታያል። የሞርሊ ትልቁ ብልሃት ካርዱን ክሊኒክ ውስጥ አለማስቀመጡ ነው። በላስቲክ ከረጢት አድርጎ ለእናትየው ሰጣት። በብዙ የካርድ ክፍሎች መዝገብ በሚጠፋበት ዘመን፣ እናት ካርዷን ከክርስትና ወረቀት ጋር አጣጥፋ ታስቀምጥ ነበር። ወሎም ያየሁት ይኸው ነው። ፊደል ያልቆጠረች እናት ጣቷን በመስመሩ ላይ እየጎተተች "ሲስተር፣ ዘንድሮ ወረደብኝ አይደል?" ትለኝ ነበር።

ያቺ እናት የማታውቀው፣ እኔም ያኔ ያላወቅሁት አንድ ነገር አለ። በ1977 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ስታቲስቲክስ ማዕከል የእድገት ሰንጠረዥ ሲያወጣ፣ ከልደት እስከ ሦስት ዓመት ያለውን ክፍል የወሰደው ከፌልስ ጥናት ነው። ጥናቱ በ1929 የተጀመረው ኦሃዮ ውስጥ የሎው ስፕሪንግስ በምትባል ትንሽ ከተማ ሲሆን፣ የተለኩት በአመዛኙ በጡጦ ያደጉ ነጭ ሕፃናት ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ይህንኑ ሰንጠረዥ ተቀብሎ ለዓለም አሰራጨው። በ2000 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንኳ የልጆቻችንን መቀንጨር የለካው በእሱ ነው። የጡት ልጅ በመጀመሪያዎቹ ወራት ፈጥኖ ይጨምርና ቆየት ብሎ ዝግ ይላል። በጡጦ መስመር ላይ ሲቀመጥ ታዲያ ጤነኛው ልጅ የወረደ ይመስላል። በዚህ ምክንያት የደነገጠች፣ ቶሎ ብላ የዱቄት ወተት የጨመረች እናት ስንት ትሆን?

ማስተካከያው የመጣው በ2006 ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በብራዚል፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ወደ 8,500 የሚጠጉ ሕፃናትን አስለክቶ አዲስ መስፈርት አወጣ። የተመረጡት እናቶቻቸው የሚያጠቡና የማያጨሱ፣ ኑሯቸውም እድገታቸውን የማያደናቅፍ ነበሩ። የአክራና የኦስሎ ልጆች በደህና ሁኔታ ሲያድጉ ቁመታቸው እጅግ ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። አሜሪካም በ2010 ከሁለት ዓመት በታች ላሉት ይህንኑ እንድንጠቀም ሐኪሞቿንና ነርሶቿን መከረች።

ከሁለት ዓመት በላይ ላሉት የምንጠቀመው ሰንጠረዥ ሌላ ነው። እሱም የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል (ሲዲሲ) የ2000 ሥራ ሲሆን፣ በጥሞና መነገር ያለበት ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሒሳብ አዋቂ አባት "ከ95ኛው በላይ ማለት ከመቶ አምስት ልጅ ማለት ነው፤ ታዲያ እንዴት ከአምስት አንዱ እዚያ ይገባል?" ብሎ ጠይቆኛል። ጥያቄው ልክ ነው። ሰንጠረዡ የተሠራው ከ1963 እስከ 1994 በተደረጉ ብሔራዊ ጥናቶች ላይ ነው። ሆኖም ከመጨረሻው ጥናት፣ ማለትም ከ1988 እስከ 1994 ከተደረገው፣ የስድስት ዓመትና ከዚያ በላይ ልጆች ክብደት ሆን ተብሎ ተተወ። ልጆች በዚያን ጊዜ መወፈር ጀምረው ነበር፤ ቢጨመሩ መስመሩ አብሯቸው ሽቅብ ይወጣና ወፍራሙ ልጅ መካከለኛ መስሎ ይታይ ነበር። ስለዚህ መስመሩ ባለበት ቆመ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከዚያ በላይ የነበሩት 5 ከመቶ ገደማ ነበሩ፤ ከ2017 እስከ 2020 ባለው ልኬት 19.7 ከመቶ ደረሱ። ኮምፒዩተሩ የዛሬውን ልጅ የሚያስተያየው ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ሳይሆን ከወላጆቹና ከአያቶቹ ዘመን ልጆች ጋር ነው። እኔ ውሳኔው ትክክል ነበር ባይ ነኝ፤ ግን ለወላጅ ሊነገረው ይገባል።

ማሽኑ ወደዚህ ሥራ የገባው ሐኪም ስለማያውቅ አይደለም፤ ስለሚረሳ ነው። ኢንዲያናፖሊስ ውስጥ ክሌመንት ማክዶናልድ የተባለ ሐኪም በ1976 ባሳተመው ጥናት፣ ኮምፒዩተር አስታዋሽ ወረቀት ያወጣላቸው ሐኪሞች ማድረግ ከነበረባቸው ነገር 51 ከመቶውን አደረጉ። እነዚያው ሐኪሞች ያለ አስታዋሽ 22 ከመቶውን ብቻ ነበር ያደረጉት። ይህም ሰው ስንፍና ሳይኖርበት በመረጃ ብዛት ብቻ እንደሚስት የሚያሳይ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለው ቶሎ ይነገራል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2003 የእያንዳንዱ ልጅ ቢኤምአይ በየዓመቱ እንዲሰላ መከረ፤ ነገር ግን በወረፋ መሀል ካልኩሌተር የሚያነሳ ጥቂት ነበር። በ2009 ኮንግረሱ ለኤሌክትሮኒክ መዝገብ ማበረታቻ ገንዘብ መደበ። ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው በሚሰጠው የመንግሥት የጤና ዋስትና፣ በሜዲኬይድ በኩል፣ አንድ ሐኪም በስድስት ዓመት እስከ 63,750 ዶላር ማግኘት ይችል ነበር፤ ከቅድመ ሁኔታዎቹ አንዱም ከ2 እስከ 20 ዓመት ላሉት የእድገት ሰንጠረዥ በስክሪን ማሳየት ነበር። በማሳቹሴትስ በ14 ክሊኒኮች፣ ከ6 እስከ 12 ዓመት ባሉ 549 ወፍራም ልጆች ላይ የተደረገው የተመራማሪዋ የኤልሲ ታቬራስ ጥናት ውጤት በ2015 ታትሟል። ሐኪሙ ማስታወሻ የደረሰው፣ ቤተሰቡም መመሪያ የተሰጠው ቡድን በዓመቱ የጨመረው ቢኤምአይ በተለመደው መንገድ ከታከሙት በ0.51 ያነሰ ነበር። ትንሽ ቁጥር ናት። በአንድ ልጅ ላይ በዓይን አትታይም፤ በሚያድግ ልጅ ላይ ግን አቅጣጫ ታስቀይራለች።

ቅሬታዬ ሌላ ነው። የሞርሊ ካርድ በእናት እጅ ነበር፤ ስክሪኑ ግን ፊቱን ወደ ሐኪሙ አዙሯል። ሀገሯ ሳለች ልጇ ከስቶባት ያለቀሰች አያት እዚህ የልጅ ልጇን ይዛ ትመጣለች፤ "ወፍሯል" ተብሎ ማስጠንቀቂያ ሲወጣ የምትሰማው ስድብ ነው። "ሲስተር፣ ርሃብ ያላየ ነው ይህን የሚለው፤ ደግሞስ እንዲህ እያላችሁ ዓይን ታስገቡበታላችሁ" ብላኛለች አንዷ። እኔ አልተከራከርኳትም። ስክሪኑን ወደ እሷ አዙሬ ከሁለት ዓመቱ ጀምሮ ያሉትን ነጥቦች አንድ በአንድ አሳየኋት፦ እዚህ ድረስ ከመስመሩ ጋር ሄደ፣ ከአምስት ዓመቱ በኋላ ተለየ። ዝም ብላ ተመለከተችና "ትምህርት ቤት የገባ ጊዜ ነው" አለች። ጭማቂውንና ከትምህርት ቤት መልስ የሚበላውን መቁጠር የጀመረችው ራሷ ናት። ማሽኑ በዚያ ዓመት የሆነውን አያውቀውም፤ ዶክተሯም አታውቀውም።

ልጃችሁን ይዛችሁ ሐኪም ቤት ስትሄዱ እንግዲህ ቁጥሩን ብቻ ሰምታችሁ አትውጡ። ስክሪኑ ወደ እናንተ እንዲዞር ጠይቁ፤ የዛሬዋን ነጥብ ሳይሆን የሁሉንም ዓመት ነጥቦች እዩ፤ ወረቀቱን አትመው እንዲሰጧችሁ ንገሯቸው። አስተርጓሚ ካስፈለጋችሁም ጠይቁ፣ አትፈሩ። መዝገቡ የልጃችሁ ነው።