የትምህርት ወጪና ብድራቱ

ታሪክንና ሥነ ጽሑፍን የመሰለ ሰፊ ትምህርት የሚማር ወጣት እንደ ሐኪምና እንደ መሐንዲስ የተለየ ሥራ አይጠብቀውም። ስለዚህ ወላጆቹ «የዚህ ሁሉ ድካም ዋጋው ምንድን ነው?» ቢሉ አይፈረድባቸውም። ሒሳቡ ግን ሁለት ገጽ እንዳለው የታንዛኒያ ታሪክ ያስረዳል፤ ዘመኑን የምንጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ጁሊየስ ኔሬሬ በ1952 ከኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ የማስተር ኦፍ አርትስ ዲግሪ ተቀብለው ወደ ታንጋኒካ ሲመለሱ በፑጉ መምህር ሆኑ። በ1955 ከመምህርነትና ከፖለቲካ አንዱን ይምረጡ በተባሉ ጊዜ ደመወዙን ትተው ሄዱ። የተማሩት ግን ከደመወዙ ጋር አልቀረም፤ በ1961 አገራቸውን ለነጻነት አበቁ፤ በ1963 ደግሞ የሼክስፒር «ጁሊየስ ቄሣር» በእርሳቸው ትርጕም በስዋሂሊ ታተመ።

በጥቅምት 1966 የዳሬ ሰላም ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች የብሔራዊ አገልግሎትን ግዴታ ተቃውመው ሰልፍ ወጡ፤ በአገልግሎቱ ዘመን የሚከፈላቸው ከደመወዛቸው 40 በመቶ ብቻ ነበርና። ፕሬዚዳንት ኔሬሬ ወደ 400 የሚጠጉትን ከኮሌጁ አስወጡ፤ የራሳቸውንም ደመወዝ በ20 በመቶ ቀነሱ።

ቅጣቱ የከበደ ነበር፤ ተማሪም ደመወዙን ተስፋ የሚያደርግ ቤተ ዘመድ አለው። ይሁን እንጂ የኮሌጁን ደጅ ያልረገጠው ገበሬም ከግብሩ ከፍሎለታል።

እንግዲህ መምህራን ሆይ፣ ተማሪዎቻችንን ስለ ዲግሪ ስንመክር የደመወዙን ነገር አንሰውርባቸው፤ ነገር ግን «ምን አገኛለሁ?» ከማለታቸው ጋር «ማን ከፈለልኝ?» ብለው እንዲጠይቁም እናስተምራቸው።