ዋልተር ታል

ዋልተር ዳንኤል ጆን ታል (ሚያዝያ 21 ቀን 1880 – መጋቢት 16 ቀን 1910 ዓ.ም.) ለቶተንሃም ሆትስፐርና ለኖርዛምፕተን ታውን የተጫወተ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ ውስጥ የወደቀ እንግሊዛዊ እግር ኳስ ተጫዋችና የጦር መኮንን ነው። ከዚህ በታች ያሉት ቀናትና ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ልጅነት

የተወለደው ፎክስቶን በተባለችው የእንግሊዝ የወደብ ከተማ ነው። አባቱ ዳንኤል ከባርቤዶስ የመጣ አናጢ ነበር፤ እናቱ አሊስ እንግሊዛዊት ናት። እሷ በ1895፣ አባቱ በ1897 ሲሞቱ ዋልተርና ወንድሙ ኤድዋርድ ምሥራቅ ለንደን ውስጥ የሜቶዲስቶች የሕፃናት ማሳደጊያ ገቡ። ኤድዋርድን አንድ የግላስጎው ቤተሰብ በማደጎ ወሰደው፤ እሱም የጥርስ ሐኪም ሆነ።

እግር ኳስ

ታል በ1908 ለአማተሩ ክለብ ለክላፕተን መጫወት ጀመረ፤ ቡድኑም በዚያው የውድድር ዘመን የእንግሊዝ አማተር ዋንጫን አነሣ። በ1909 ቶተንሃም አስፈረመውና ከቡድኑ ጋር ወደ አርጀንቲናና ኡራጓይ ተጓዘ። በሊጉ ግን የተሰለፈው 10 ጊዜ ብቻ ሲሆን ያስቆጠረውም 2 ግብ ነው። በ1909 ብሪስቶል ላይ በተደረገ ጨዋታ ከተመልካቾች የወረደበትን የዘረኝነት ስድብ የዘመኑ ጋዜጣ መዝግቦታል። ከዚያ በኋላ ወደ ተጠባባቂው ቡድን መውረዱን ብዙ ጸሐፊዎች ከዚህ ስድብ ጋር ያያይዙታል፤ አሳማኝ ግምት ነው፣ ግምትነቱ ግን መዘንጋት የለበትም።

በ1911 ኸርበርት ቻፕማን ወደሚያሠለጥነው ኖርዛምፕተን ተዛወረ። ቻፕማን ኋላ ላይ አርሰናልን ለሊግ ዋንጫ ያበቃው ሰው ነው። ታል በዚህ ክለብ ከ100 በላይ ጨዋታዎች አድርጓል።

ጦርነት

በታኅሣሥ 1914 «የእግር ኳሰኞች ሻለቃ» እየተባለ በሚጠራው በሚድልሴክስ ክፍለ ጦር 17ኛ ሻለቃ ተመዘገበ። እስከ ሳጅንነት ደርሶ በ1916 በሶም ግንባር ተዋጋ። በግንቦት 1917 የምክትል መቶ አለቃነት ማዕረግ አገኘና በ23ኛው ሻለቃ ውስጥ ጣልያን ዘመተ። በፒያቬ ወንዝ አካባቢ ጓዶቹን መርቶ ላሳየው ጀግንነትና እርጋታ ጄኔራል ሲድኒ ሎፎርድ በጽሑፍ አመስግነውታል።

የጀርመን ጦር መጋቢት 21 ቀን 1918 ታላቁን ማጥቃት ሲከፍት ሻለቃው ወደ ፈረንሳይ ተመልሶ ነበር። ታል ከአራት ቀን በኋላ ባፖም አጠገብ በፋቭረይ ተመትቶ ሞተ፤ 29 ዓመቱ ነበር። ከጦርነቱ በፊት የሌስተር ፎስ በረኛ የነበረው ቶም ቢሊንግሃም አስከሬኑን ተሸክሞ ለማውጣት ቢሞክርም የጠላት ጦር ስለተቃረበ ትቶት ለማፈግፈግ ተገደደ። አስከሬኑ አልተገኘም።

ስለ «የመጀመሪያው» ክርክር

ታልን «የመጀመሪያው ጥቁር ፕሮፌሽናል» ማለት ስሕተት ነው። የዛሬዋ ጋና ተወላጅ በረኛ አርተር ዋርተን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ተጫውቷል፤ ዊሊ ክላርክም በ1901 ለአስቶን ቪላ ግብ አስቆጥሯል። ስለ መኮንንነቱ የሚነሣው ክርክር ግን ይበልጥ የተወሳሰበ ነው። በዘመኑ የነበረው የሠራዊቱ አሠራር ለመኮንንነት ንጹሕ አውሮፓዊ ዘር ይጠይቅ ነበር። ስለዚህም ታል በእንግሊዝ ሠራዊት የመጀመሪያው ጥቁር መኮንን እንደሆነ ለረጅም ጊዜ ሲነገር ኖሯል። ይሁን እንጂ በጃማይካ የተወለደው ጆርጅ ቤማንድ በ1915፣ ማለትም ታል ገና መኮንን ሳይሆን፣ የመድፈኛ መኮንን እንደሆነ በኋላ የወጡ ጥናቶች አሳይተዋል። እሱም በ1916 ተገድሏል። ነጭ ወታደሮችን ውጊያ ላይ የመራ የመጀመሪያው ጥቁር እግረኛ መኮንን የሚለው የጠበበ አነጋገርም በጥንቃቄ ሊያዝ ይገባዋል። ቀዳሚነቱ ቢቀርበትም ደንቡን አልፎ ማዕረግ ማግኘቱ አይፋቅም።

ለሚሊታሪ ክሮስ ሜዳሊያ ታጭቶ ነበር የሚለው ደግሞ የቆመው አንድ የጦር ጓዱ ለኤድዋርድ በላከው የሐዘን ደብዳቤ ላይ ነው። ሜዳሊያው አልተሰጠውም፤ ከሞት በኋላ ይሰጠው የሚል ዘመቻ በብሪታኒያ ተካሂዷል። ለግላስጎው ሬንጀርስ ፈርሞ ነበር የሚለውም በሰፊው ይነገራል።

መታሰቢያ

ስሙ ፈረንሳይ ውስጥ በአራስ የመታሰቢያ ግንብ ላይ ተቀርጿል። በ1999 በኖርዛምፕተን ሲክስፊልድስ ስታዲየም አጠገብ መታሰቢያ ቆሞለታል።