የአንጋፋ ድምፅ በመድረክ፦ ከፈላና በር የሚነሣ ክርክር

ፈላና በር ከሐረር ጁገል ግንብ አምስት ጥንታዊ በሮች በሰሜን በኩል ያለው ነው፤ ሐረሪዎች አሱም በሪ ይሉታል። በዚህ በር ሲወጣና ሲገባ ኦሮምኛ፣ ሐረሪኛ፣ አማርኛና ሶማልኛ በአንድ ትንፋሽ ይሰማሉ። ከቀትር በኋላ በየቤቱ ነደባ (የመቀመጫ መደብ) ላይ በርጫ ይያዛል። ጨዋታው ከኳስ ወደ ሙዚቃ የተሻገረ እንደሆነ አንድ የቆየ ክርክር መነሣቱ አይቀርም፦ አንጋፋ ድምፃዊ በስተርጅና መድረክ ላይ ሲወጣ የሚሰማው ያው የምናውቀው ነው ወይስ ሌላ ሰው? አንዱ «ድምፁ ሄዷል» ይላል። ሌላው «ድምፁ ቢሄድ ለዛው የት ይሄዳል?» ብሎ ይመልስለታል። ሦስተኛው ጣቱን ወደ አጃቢዎቹ ይቀስራል፤ «እሱ ምን አደረገ፣ ባንዱ ነው ያበላሸው»።

ክርክሩ የሥራ ፈት ወሬ አይደለም። አንድ ማኅበረሰብ ሙዚቃውን በምን እንደሚመዝን ይገልጣል። ሆኖም ተከራካሪዎቹ ብዙውን ጊዜ የሚመዝኑበት ሚዛን የተሳሳተ ነው። የአንጋፋውን ድምፅ የሚያወዳድሩት ከወጣትነት መድረኩ ጋር ሳይሆን ከካሴቱ ጋር ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ለዚህ ከአሊ ቢራ የተሻለ ምሳሌ በአካባቢው አይገኝም። አሊ መሐመድ ሙሳ በ1947 ድሬዳዋ ተወለደ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በዚያው ከተማ በተቋቋመው የአፍራን ቀሎ ቡድን ውስጥ ገና በልጅነቱ መዝፈን ጀመረ፤ «ቢራ» የሚለውን ቅጽል ያወጣለትም የመጀመሪያ መድረክ ዘፈኑ ነው። አፍራን ቀሎ በሐረርና በዙሪያዋ ከሚኖሩት የአራቱ የቀሎ ልጆች የኦሮሞ ጎሳዎች ስም የመጣ ስለሆነ ሙዚቃው ከመነሻው ለፈላና በር ጎረቤት ነበር። አሊ በኋላ አዲስ አበባ ገብቶ በክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ሠራ፤ ከአይቤክስ ባንድም ጋር ተጫወተ። ከኦሮምኛው ሌላ በሐረሪኛ፣ በአማርኛ፣ በሶማልኛና በዓረብኛ አዜሟል፤ ጁገል ውስጥ ያለውም ከግንቡ ውጭ ያለውም «የኛ ነው» የሚለው ስለዚህ ነው። በ1980ዎቹ ከሀገር ወጥቶ በአሜሪካ፣ በስዊድንና በካናዳ ለረጅም ዓመታት ኖረ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ2010 የክብር ዶክትሬት ሰጠው፤ በ2013 የሙዚቃ ሕይወቱ ሃምሳኛ ዓመት ተከበረ፤ በኅዳር 2022 አዳማ ላይ አርፎ ድሬዳዋ ተቀበረ።

አሊ በውጭ በኖረባቸው በእነዚያ ዓመታት ሐረር ያለው አድማጭ የሰማው ካሴቱን እንጂ መድረኩን አልነበረም። ችግሩ የአሊ ብቻም አይደለም። ከ1974ቱ ለውጥ በኋላ የታወጀው የሰዓት እላፊ የምሽት ሙዚቃን ለዓመታት አንቆ ያዘው። እርግጥ ባንዶች በትልልቅ ሆቴሎች ይሠሩ ነበር፤ ታዳሚውም እስኪነጋ እዚያው ያድር ነበር። ይህ ዕድል ለጥቂቱ የመዲና ሰው እንጂ ለሐረር ነዋሪ የተዘረጋ አልነበረም። በዚያው ጊዜ የሸክላ ኅትመት ከሰመና ካሴት ሀገሩን አጥለቀለቀው። አንድ ሙሉ ትውልድ ተወዳጅ ድምፃውያኑን ሳያይ በቃሉ አጠናቸው።

ካሴት ደግሞ ታማኝ ምስክር አይደለም። ክሩ በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር እንዲሮጥ ነው የተሠራው። ከካሴት ወደ ካሴት ሲገለበጥ የሚያጫውተው ቴፕ በመቶ ስድስት ያህል ቢፈጥን ዘፈኑ በሙሉ በግማሽ ድምፅ ከፍ ይላል፤ ፍጥነቱም አብሮ ይጨምራል። የዘፋኙ ድምፅ ቀጠን፣ ጠራ፣ ወጣት ወጣት አለ ማለት ነው። የተዳከመ ባትሪ በተቃራኒው ያጓትተዋል። በየሱቁ ሁለት ሦስት ጊዜ የተገለበጠ ካሴት ሲያዳምጥ ያደገ ሰው ከሠላሳ ዓመት በኋላ መድረክ ፊት ቆሞ «እንደ ድሮው አይደለም» ቢል፣ ያ «ድሮ» የሚለው በከፊል የሞተር ሥራ ሊሆን ይችላል። የስቱዲዮውም ነገር አለ። በስቱዲዮ አንድ ስንኝ ካልተዋጣ ይደገማል፤ መድረክ ላይ ግን ያመለጠ አመለጠ ነው።

ሐረር የተወለደችው ብዙነሽ በቀለ ለዚህ ክርክር ፈጽሞ አልቀረበችም። የክቡር ዘበኛዋ እመቤት በ1990 ስታርፍ ገና በሃምሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ ነበረች። ከእሷ የቀረው የተቀዳ ድምፅ ብቻ ስለሆነ እንከን የሚያወጣላት የለም። በሕይወት ቆይተው ወደ መድረክ የተመለሱት ግን በየምሽቱ ከራሳቸው ካሴት ጋር ይፎካከራሉ።

ዕድሜ በድምፅ ላይ የሚያደርገው ነገር ይታወቃል። የድምፅ ጅማቶች ይደርቃሉ፤ ሳንባ የሚይዘው አየር ይቀንሳል፤ ስለዚህ ረጅሙ ሐረግ ሁለት ቦታ ላይ ይቆረጣል። የድምፁ መርገብገብ (ቪብራቶ) ይዘገይና ይሰፋል። ከሁሉ ቀድሞ የሚጎዳው ከፍተኛው ድምፅ ነው። ባቲንና አምባሰልን በላይኛው ድምፅ ሲያስጮህ የኖረ ሰው መጀመሪያ የሚታገለው እዚያ ላይ ነው። እንደ አሊ ቢራ በመካከለኛው ድምፅ፣ ንግግር በሚመስል አዘማመር ዑድ ወይም ጊታር ይዞ የሚጫወት ሰው ግን ከዕድሜው ጋር በቀላሉ ይስማማል። የኋለኛው አሊ ከቀድሞው ጋር ሲወዳደር የጠፋው ነገር ጥቂት የሆነው፣ የጨመረውም ክብደት የሚሰማው በዚህ ምክንያት ይመስላል።

እዚህ ላይ ነው «ባንዱ ነው ያበላሸው» የሚለው ወገን እውነት የሚይዘው። ድምፃዊው «ኪዩን አውርዱልኝ» ሲል ለኪቦርድ ተጫዋቹ አንድ ቁልፍ መጫን ሊበቃው ይችላል። ለሳክስፎንና ለመለከት ግን የጣት አቀማመጡ ሁሉ ይለወጣል። ክራርም እንደገና መቃኘት አለበት። ደምቆ የሚሰማው የነፋስ መሣሪያ መግቢያ ሁለት ድምፅ ዝቅ ሲል ይደበዝዛል። ጎበዝ አቀናባሪ መግቢያውን ለዚያ ኪይ ብሎ አዲስ ይጽፋል፤ ሰነፉ የድሮውን እንዳለ ያወርደዋል። ታዳሚው «ዘፈኑ ሞተ» ሲል የሚሰማው ብዙ ጊዜ የአጃቢውን ስንፍና ነው።

በዓለም ዙሪያ የሮክ አድናቂዎችም በዚህ ጉዳይ ይናቆራሉ። ኤሲ/ዲሲ በ2016 ጉብኝቱ መካከል ድምፃዊው ብራያን ጆንሰን የመስማት ችሎታውን እንዳያጣ ተሰግቶ ከመድረክ ሲወርድ አክስል ሮዝን ተክቶ ቀጠለ፤ ባንዱ ያው ባንድ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ሙግት ያን ጊዜ ጦፈ። የጄኔሲሱ ፊል ኮሊንስ በ2022 የመጨረሻውን ኮንሰርት ለንደን ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጦ ዘፈነ። ኦዚ ኦዝቦርን ከብላክ ሳባዝ ጓደኞቹ ጋር ሐምሌ 5 ቀን 2025 በትውልድ ከተማው በርሚንግሃም ቪላ ፓርክ ስታዲየም ዙፋን ላይ ተቀምጦ ሲሰናበት በፓርኪንሰን ሕመም ተዳክሞ ነበር፤ ከአሥራ ሰባት ቀን በኋላ አረፈ። የኛው ጥላሁን ገሠሠም በስኳር ሕመም በተጎዳባቸው የመጨረሻ ዓመታት ተቀምጦ ያዜም ነበር። በ2009 ከማረፉ በፊት ያየው ሰው የሚያስታውሰው እጁን ነው፤ እግሩ የማይሠራውን ትከሻውና ክንዱ ይሠሩት ነበር። ጥላሁን ከወገቡ በላይ ብቻ ሙሉ መድረክ እንደሚሞላ ማሳየቱ ራሱን የቻለ ጥበብ ነውና ከድሮው እንደ ጎደለ ተደርጎ መቆጠር የለበትም።

በአንጋፋነት ዘመን መድረክ ምን ሊሆን እንደሚችል ከሁሉ በላይ ያሳየው ግን ሳክስፎኒስቱ ጌታቸው መኩሪያ ነው። በ1935 የተወለደው ጌታቸው በክራርና በመሰንቆ ጀምሮ በ1949 ወደ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ገባ፤ በኋላም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርና በፖሊስ ኦርኬስትራ ሠራ። የጦር ሜዳውን ሽለላ ከሰው አፍ ወስዶ በሳክስፎን ያቅራራው እሱ ነው። በ2004 ዘ ኤክስ የተባለው የሆላንድ ፓንክ ሮክ ባንድ ሃያ አምስተኛ ዓመቱን ሲያከብር አምስተርዳም ጋበዘው። ጌታቸው ስልሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ባንዱን ከሰማ በኋላ አብረውት እንዲያጅቡት የጠየቀው ራሱ ነው። በ2006 «ሞዓ አንበሳ» የተሰኘው አልበም ወጣ፤ በ2012 «የአንበሳው ትዝታ» ተከተለ።

ምን ተፈጠረ? የዘ ኤክስ ጊታሮች ሻካራ ናቸው፤ ከበሮው ምቱን እየሰበረ ይሄዳል፤ ለማንም አይለሳለሱም። ሽለላም ለመለሳለስ የተፈጠረ አይደለም። በሆቴል ባንድ ውስጥ ጌታቸው ድምፁን እየቆጠበ ለዳንስ እንዲመች አድርጎ መንፋት ነበረበት። በእነዚህ ሰዎች መካከል ግን ያ ሰፊና ተንቀጥቃጭ ድምፁ ወደ ፉከራው ተመለሰ። ሳክስፎኑ ሲጮህ ጊታሩ ይመልስለታል፤ እንደ ሸላይና እንደ ተቀባይ። «የድሮው ዘፈን እንዲህ አልነበረም» ብሎ የተቆጣ አድማጭ እዚህ ላይ ትልቁን ነገር ስቷል፤ ጌታቸው በሰባዎቹ ዕድሜው የቆመው ከወጣትነት ሸክላው ይልቅ ለሽለላው ምንጭ በሚቀርብ ቦታ ላይ ነው። እሱ በ2016 ከማረፉ በፊት ይህን በብዙ ሀገር መድረኮች አስመስክሯል።

በ2008 ኒው ዮርክ ሊንከን ሴንተር ውስጥ ጌታቸው ከዘ ኤክስ ጋር፣ ድምፃውያኑ ማሕሙድ አሕመድና ዓለማየሁ እሸቴ ደግሞ ከቦስተኑ ኢዘር/ኦርኬስትራ ጋር በአንድ ምሽት ታይተዋል። የቦስተኖቹ አጃቢዎች የአዲስ አበባን የነፋስ መሣሪያ አጻጻፍ ከሸክላ ላይ እየለቀሙ ዓመታት ያጠኑ ነበሩ። ዓለማየሁ በ2021 እስኪያርፍ፣ ማሕሙድም በ2025 መጀመሪያ በሰማንያ ሦስት ዓመቱ ሚሊኒየም አዳራሽ ላይ ተሰናብቶ መድረክ እስኪለቅ ድረስ በደንብ የተሰሙት እንዲህ ያለ አጃቢ ባገኙ ጊዜ ነው። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያም ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ እየነዳ ዓመታት ከቆየ በኋላ በ2018 «ላላ በሉ»ን፣ በ2020 «የኔ ምርጫ»ን ሲያወጣ ከትንሽ ባንድ ጋር ነበር፤ መሣሪያ ብዛት ሳይሆን መደማመጥ አዳነው።

ይህ ማለት ተቺ ሁሉ ተሳስቷል ማለት አይደለም። ለበዓል ተጋብዞ የመጣ አንጋፋ ሲዲ ተከፍቶለት አፉን ብቻ ሲያንቀሳቅስ ታዳሚው «ፕሌይባክ ነው!» ብሎ ቢያጉረመርም መብቱ ነው፤ ከፍሎ የመጣው ሰው ለማየት ብቻ አይደለም። የታመመን ሰው ስሙን ለፖስተር ብሎ መድረክ ላይ ማቆምም ነውር ነው። ልምምድ ያልተደረገበት ኮንሰርት፣ ከአንድ ኪቦርድ በቀር አጃቢ የሌለው ምሽት ቢነቀፍ የሚያስቆጣ ነገር የለውም። ወቀሳው ግን ለአዘጋጁ መድረስ አለበት። ዘፋኙ ዝቅ ባለ ኪይ፣ ባጠረ ሐረግ፣ አዝማቹን ለሕዝቡ እየለቀቀ የሚሠራ ከሆነ የማታለል ሥራ አልሠራም። አዝማቹን ለሕዝብ መልቀቅ ትንፋሽ መግዣ መሆኑ እውነት ነው፤ ሆኖም ዘፈኑ ከአንድ ሰው ወደ ብዙ ሰው መሻገሩ የሚታየውም ያን ጊዜ ነው።

ክርክሩን በእውነት ለመዳኘት የመድረክ ቅጂ ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ በጣም ጥቂት ነው። ስቱዲዮው ተቀድቶ ቀርቷል፤ መድረኩ ግን በየሰው ቤት በቪዲዮ ካሴትና በስልክ ውስጥ ተበታትኖ ነው ያለው። ጁገል ውስጥ ሙዚየም ያቋቋሙት አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ ከብራና መጻሕፍትና ከጥንታዊ ገንዘቦች ጎን ለጎን የሐረር የዘፈን ቅጂዎችን ሲሰበስቡ ኖረዋል። መሠረቱ ተጥሏል ማለት ነው። በሐረር፣ በድሬዳዋ ወይም በውጭ ሀገር የአሊ ቢራን ወይም የሌላ አንጋፋን የኋለኛ ዘመን መድረክ የቀረጸ ሰው ካለ፣ ክሩ ሳይበላሽ፣ ስልኩም ሳይጠፋ ቅጂውን ለእንዲህ ዓይነት ስብስብ ያድርስ፤ ቀኑን፣ ቦታውንና ያጀበውን ባንድ ስም በላዩ ላይ መጻፍም አይርሳ።